«የራሴን ሥራ ሠራሁ»፦ ስለ ውጤታማ መሪ ሰባት መርሆዎች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሥራ ባልደረቦቼ መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ «የውጤታማ መሪ ሰባት መርሆዎች» የሚል ጽሑፍ አለ። እኔ ዘንድ ያደረሰው በቅርቡ የዋርድ ኃላፊ ሆኖ የተመደበ ወጣት ነርስ ነው። «ሲስተር፣ እስኪ ያንብቡልኝ፤ በዚህ ልመራ አስቤያለሁ» አለኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጁ በሽተኛ የሚወድ፣ እጁ የተባረከ ነርስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከተመራ ግን ዓመት ሳይሞላው ማንም እውነት የማይነግረው አለቃ እንዳይሆን ፈራሁ። ለእሱ በቃል የነገርኩትን ሌላውም እንዲያየው ብዬ ጻፍኩት።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። መሪ ጥርጣሬውን ለተከታዮቹ አያሳይም። በፍጥነት ይወስናል፣ የወሰነውንም አያጥፍም። ከበታቾቹ ጋር ርቀቱን ጠብቆ ይኖራል። ሠራተኞቹን ችግር ሳይሆን መፍትሔ ይዘው እንዲመጡ ያስለምዳቸዋል። ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ከሁሉ በኋላ ይወጣል። ያጠፋውን ለሌላው መማሪያ እንዲሆን በሰው ፊት ይቀጣል። በመጨረሻም ራእይ አለው።

ጸሐፊውን አላውቀውም። በቅን ልቡና እንደጻፈው ግን ከአነጋገሩ ያስታውቃል፤ ልፍስፍስ አለቃ ያማረረው ሰው ይመስላል። እኔንም ልፍስፍስ አለቃ አማሮኛል። የምንለያየው በመድኃኒቱ ላይ ነው።

በመንግሥት ሆስፒታሎች 22 ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜዬን የፈጀሁት በኦፕሬሽን ክፍልና ኦፕሬሽን የተደረገላቸው በሚተኙበት በሰርጂካል ዋርድ ነው፤ ካለፉት 9 ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሰው እመራለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አሠራር ይለወጥ ተብሎ ቢፒአር ሲመጣ ነበርኩ፣ ቢኤስሲ ሲመጣ ነበርኩ፣ አንድ ለአምስት ስንደራጅም ነበርኩ። በእነዚህ ዓመታት ያየኋቸው አለቆች የወደቁት አብዛኞቹ አንድ ዓይነት አወዳደቅ ነው፦ የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ሳለ ሳይነግራቸው ቀረ። ከአለቃው ቀድሞ ችግሩን ያየ ሰው ሁልጊዜ አለ። ዘበኛው ሊሆን ይችላል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለልምምድ የመጣች ተማሪ፣ ካርድ ክፍል ያለው ልጅ። ያ ሰው አፉን ይከፍታል ወይስ ይዘጋል የሚለው ነው የአለቃው ሥራ። ከሰባቱ መርሆዎች አምስቱ ይህን አፍ የሚዘጉ ናቸው።

«መሪ ጥርጣሬውን አያሳይም» ከሚለው ልጀምር።

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ከስፔን ካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በቴኔሪፍ፣ ሎስ ሮዴዎስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በአንድ መንደርደሪያ ላይ ተጋጩ። 583 ሰው አለቀ። አንዱ የሆላንዱ ኬኤልኤም፣ ሌላው የአሜሪካው ፓን አሜሪካን አየር መንገድ ነበር። የኬኤልኤሙ ካፒቴን ያኮብ ፌልድሃውዘን ፋን ዛንተን ተራ አብራሪ አልነበረም፤ የሌሎች አብራሪዎች አስተማሪ ነበር፣ ፎቶውም በአየር መንገዱ ማስታወቂያ ላይ ይወጣ ነበር። ጭጋግ መንደርደሪያውን ሸፍኖታል፤ የሠራተኞቹ የበረራ ሰዓት ገደብ እየተቃረበ ነው፤ ጥድፊያ አለ። ካፒቴኑ ሊንደረደር ሞተሩን ሲጨምር ረዳት አብራሪው «ቆይ፣ ፈቃድ አላገኘንም» አለው። ካፒቴኑ «አውቃለሁ፣ ጠይቅ» ብሎ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ግን የመነሻ ፈቃድ ሳይሰጠው እንደገና ተንደረደረ። በዚህኛው ጊዜ ረዳቱ አልተቃወመም። የበረራ መሐንዲሱ በሬዲዮ የሰማው ነገር ቅር አሰኝቶት «ያ ፓን አሜሪካን ከመንገዱ አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ በሙሉ ልብ «ወጥቷል እንጂ!» አለው። አልወጣም ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያመኝ ረዳት አብራሪው ነው። አንድ ጊዜ አርሟል፤ ትክክልም ነበር። ታላቅን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ጊዜ ማረም ግን አንቱታ በነገሠበት በእኛ አገር ብቻ ሳይሆን በእነሱም ዘንድ ከብዷል። መሐንዲሱንም ተመልከቱት፤ የጠረጠረውን በጥያቄ መልክ ነው ያቀረበው። የበታች ሰው እውነትን የሚናገረው እንዲህ ነው፦ አለስልሶ፣ «ይመስለኛል» ብሎ፣ ለመሸሽ አንድ እግሩን አንሥቶ። እርግጠኛ መምሰልን ክብሩ ያደረገ ሰው ይህን ለስላሳ ድምፅ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ከዚያ አደጋ በኋላ በነበሩት ዓመታት አየር መንገዶች ካፒቴኑ እንዲጠይቅ፣ ረዳቱም ደግሞ ደጋግሞ እንዲናገር ማሠልጠን ያዙ። ዛሬ በየትም አገር የአብራሪዎች ሥልጠና አካል ነው።

ጸሐፊው «የሚጠራጠር መሪ ተከታዮቹን ያስደነግጣል» ይላል። ጥርጣሬን ከድንጋጤ ጋር ያምታታው ይመስለኛል። በኦፕሬሽን ጠረጴዛ ላይ ደም ድንገት ሲሞላ፣ ድምፁን ሳይለውጥ «ከየት እንደሚመጣ አላወቅኩትም፤ ሁላችሁም እዩልኝ» የሚል ሰርጅን አብሬው ሠርቻለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ የደነገጠ ሰው አልነበረም። ስምንት ዓይን አንድ ቦታ ላይ ተተከለ፤ ያገኘችውም የማደንዘዣ ባለሙያዋ ናት።

ሁለተኛው ነጥብ ውሳኔ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ አፄ ምኒልክን ጠርቶ «ዓድዋ የተገኘው አንዴ ወስነው ወደ ኋላ ባለማለታቸው ነው» ብሏል። ታሪኩ እንዲህ አይልም። ከዓድዋ ሁለት ወር ቀደም ብሎ መቀሌ ላይ፣ በማጆር ጋሊያኖ የሚመራ የጣሊያን ጦር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን ፊት ለፊት ገጠመው፤ ብዙ ጀግና ወደቀ፣ ምሽጉ አልተሰበረም። ያን ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ጠላት ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ መያዝ እንደሚሻል አሳሰቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተቀበሉ። ውሃው ተያዘ። ውሃ የጠማው ጦር ጥር 1888 ዓ.ም. ሳያልቅ ምሽጉን ለቆ ወጣ። ምኒልክ የጀመሩትን አካሄድ አጠፉ፤ ያጠፉትም የሚስታቸውን ምክር ሰምተው ነው። ጸሐፊው ይህን ቢጠቅስ ኖሮ ምሳሌው ከመርሁ ጋር አይስማማለትም ነበር።

ያልታጠፈ ውሳኔ ማየት የፈለገ ከወዲያኛው ወገን ይመልከት። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ስንቁ እያለቀበት ነበር፤ ማፈግፈግ እንደሚያዋጣም ያስብ ነበር። ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ውጊያውን ከሳንባ ነቀርሳ ጋር እያመሳሰሉ የሚወጋ ቴሌግራም ላኩበት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1896 ማታ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ስለ ማፈግፈግ ጠየቃቸው። እናጥቃ አሉት። በማግስቱ ሌሊት ከ17,000 የሚበልጥ ጦር በጨለማ ተንቀሳቀሰ። ከጄኔራሎቹ አንዱ አልበርቶኔ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዟል፤ በእጃቸው ያለው ንድፍ ካርታ ግን ያንን ስም የሰጠው ለሌላ ኮረብታ ነው። እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ወደ ኢትዮጵያ ሠፈር ይጠጋል። መንገድ መሪዎቹ «ኪዳነ ምሕረት ገና ፊት ነው» አሉት፤ ቀጠለ። ሲነጋ ከጓደኞቹ ተነጥሎ በምኒልክ ጦር ፊት ብቻውን ቆሞ ተገኘ። ከዚያ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ «ባራቲዬሪ የጠፋው የበታቾቹን ሰምቶ አይደለም እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ብዙ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ባራቲዬሪ የጠየቀው አራት ጄኔራሎችን፣ አንዱ በሌላው ፊት፣ በድፍረት ጉዳይ ላይ ነው። እንዲህ የተጠየቀ ወታደር ድፍረቱን ነው የሚመልሰው። እኔም በስብሰባ ላይ «ይህን ዕቅድ እንችለዋለን ወይስ አንችልም?» ብል ሁሉም እንችላለን ይለኛል፤ አንችልም ማለት ፈሪ ያስብላል። «ትናንት ሌሊት ስንት አልጋ ነበር፣ ስንት ነርስ ነበራችሁ፣ ስንተኛው በሽተኛ ላይ ደከማችሁ?» ስል ግን ሌላ መልስ ይመጣል። ባራቲዬሪ የጎደለው የጄኔራሎቹ ወኔ አልነበረም። ካርታውን ከመሬቱ ጋር ያስተያየ ሰው ነው የጎደለው። ሰውን መስማት ድምፅ መቁጠር አይደለም፤ እያንዳንዱን በዓይኑ ስላየው ነገር መጠየቅ ነው። ውሳኔው ከዚያ በኋላ የአለቃው ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

ሦስተኛው «ርቀት» ነው። «የቀረቡት ይንቁታል» ይላል ጽሑፉ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እየተባለ ባደገ ሕዝብ ውስጥ ይህ መርህ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። ከሰማይ የራቀ አለቃ ግን ከምድር የሚሆነውን በምን ያውቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚነበብ 19 ነጥብ ያለው አንድ ገጽ ቼክሊስት አዘጋጅቶ በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች አስሞክሮ ነበር፤ ከሲያትልና ከለንደን ጀምሮ እስከ ታንዛንያዋ ኢፋካራ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ውጤት እንዳሳየው የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ ችግር የሚገጥማቸው በሽተኞችም ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። አዲስ መሣሪያ አልተገዛም፣ አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም። ከነጥቦቹ አንዱ ምን ይላል? ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና ሥራውን ይናገር ይላል። መጀመሪያ ሳየው እንደ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ጊዜ ማጥፊያ መስሎኝ ነበር። ኋላ ገባኝ። አንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማ ሰው ሁለተኛ ለማሰማት ይቀለዋል። ስሙን ያልጠየቁት ሰው ግን ጎዝ፣ ማለትም ደም የሚጠረግበት ጨርቅ፣ ሲጎድል ቢያይ እንኳ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ይውጠዋል።

አንድ ቀን በእኛ ክፍል ሆድ ሊሰፋ ሲል አንዲት ለልምምድ የመጣች ተማሪ ከግድግዳው ጥግ «ዶክተር፣ አንድ ጎዝ የጎደለ መሰለኝ» አለች። ድምፅዋ ከማስክዋ አልወጣም ማለት ይቻላል። ለሰርጅኑ መሣሪያ የምታቀብለው ስክራብ ነርስ ሁለት ጊዜ ቆጥራ ሞልቷል ብላ ነበር። ሰርጅኑ መርፌውን አስቀመጠ። «እንደገና ይቆጠር» አለ። ተቆጠረ፤ እውነትም አንድ ጎደለ። ሆዱ እንደገና ታየ፣ ባልዲው ተገለበጠ፣ ጨርቁ ተራገፈ። ጎዙ የተገኘው ደምና ፈሳሽ በሚመጥጠው በሰክሽን ማሽኑ ጎማ ሥር ወለል ላይ ተለጥፎ ነው። በሽተኛው ሆድ ውስጥ አልነበረም። አሥራ አምስት ደቂቃ ባክኗል፤ ቀጣዩ በሽተኛ ኮሪደር ላይ ይጠብቃል። ሰርጅኑ ቀና ብሎ «ማን ነበር ስምሽ?» አላት፤ ነገረችው። በስሟ ጠርቶ «ሌላ ጊዜም ንገሪኝ» አላት። ያ ሰው ያን ቀን የተከበረውን ያህል ተከብሮ አያውቅም፤ እኔ ምስክር ነኝ። በሽተኛው ውስጥ ለተገኘ ጎዝ ማመስገን ቀላል ነው። ወለል ላይ ለተገኘው ያመሰገነ ነው የክፍሉን ሰው ሁሉ አፍ የከፈተው።

አሁን ወደ አራተኛው፣ ይህን ምላሽ እንድጽፍ ወዳስገደደኝ፦ «ችግር ሳይሆን መፍትሔ ይዛችሁ ኑ»።

በብዙ ሥልጠና ላይ የምሰማው አባባል ነው። ሲሰሙት ያምራል፤ ሠራተኛውን እንዲያስብ የሚያበረታታ ይመስላል። በሥራ ላይ የሚያመጣው ግን አንድ ነገር ነው፦ መፍትሔ ያለው ትንሽ ችግር ወደ አለቃው ይመጣል፣ መፍትሔው የማይታወቀው ትልቁ ችግር ግን እዚያው ሠራተኛው ሆድ ውስጥ ይቀራል።

ይህን የምለው ራሴ አጥፍቼ ስላየሁት ነው። ዋርድ መምራት በጀመርኩበት በመጀመሪያው ዓመት እኔም በር ላይ ለሚመጣ ሁሉ «መፍትሔውስ?» እል ነበር። በዋርዳችን በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ሥራ በበዛበት ሰዓት መጥተው «የሰባት ቁጥር ጉሉኮስ ቆሟል» አሉኝ። ነርሷ አውቃ ያቆመችው ነበር። ደክሞኝ ነበር፤ «እማማ፣ እርስዎ የራስዎን ሥራ ይሥሩ» አልኳቸው፣ አስታማሚ በተሞላ ክፍል ውስጥ። አንገታቸውን ደፍተው ወደ ወለላቸው ተመለሱ።

ከአሥር ቀን ግድም በኋላ፣ ሌሊት፣ ቀን ኦፕሬሽን የተደረገ በሽተኛ ትንፋሽ አጠረው። ከራስጌው የቆመው የኦክስጅን ሲሊንደር ላይ በጠመኔ «ሙሉ» ተብሎ ተጽፏል። ተረኛዋ ስትከፍተው ቀስቱ ዜሮ ላይ ነው። ከጎረቤት ዋርድ ሌላ ሲሊንደር እየተጎተተ እስኪመጣ ያለፉትን ደቂቃዎች የዚያ ሌሊት ተረኞች አይረሷቸውም። በሽተኛው ተረፈ፣ ተመስገን። ጠዋት ሲጣራ ጋዙ በሲሊንደሩ አንገት በኩል ቀስ እያለ ሲያመልጥ ኖሯል። ቀን በሰው ጫጫታ አይሰማም። ሌሊት፣ ሁሉ ሲተኛ፣ በአልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ ለሚወለውል ሰው ይሰማል።

እማማን ጠየቅኳቸው። «አዎ፣ ትናንትና ሌሊት ሲተነፍስ ሰምቼዋለሁ» አሉኝ። «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» ስላቸው መወልወያውን ተደግፈው ትክ ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «ልጄ፣ የራስዎን ሥራ ይሥሩ አልሽኝ። የራሴን ሥራ ሠራሁ» አሉኝ።

እኚህ ሴት መፍትሔ ይዘው ይምጡ ቢባሉ ከየት ያምጡት? የሲሊንደር መክፈቻ እንዴት እንደሚጠብቅ አያውቁም፤ ማወቅም አይጠበቅባቸውም። ያላቸው ጆሮ ነው። ያ ጆሮ ለዚያ በሽተኛ ከእኔ ዲግሪ ይበልጥ ነበር፣ እኔ ግን ዘግቼዋለሁ።

ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ገመድ ይንጠለጠላል፤ በአንዳንዶቹ ዛሬ ቦታውን አዝራር ወስዶታል። ማንኛውም ሠራተኛ ያልጣመው ነገር ሲያይ ይጎትተዋል። የቡድን መሪው ይመጣል፤ ችግሩ በተመደበው ጊዜ ውስጥ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ገመዱን የሚጎትት ሰው መፍትሔ እንዲኖረው አይጠየቅም፤ «እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ» ማለት ብቻ ይበቃዋል። አገራችን ካይዘን የተባለውን የጃፓን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ በመንግሥት ደረጃ ተቀብላ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትን አቋቁማለች። በሠራሁባቸው ቦታዎች ዕቃ መለየት፣ መደርደሪያ ላይ ስም መለጠፍ፣ ወለል በቀለም ማስመር ተምረናል፤ ጠቅሞናልም። ገመዱ ግን አብሮ አልመጣም። የመጣልን የሐሳብ መስጫ ሳጥን ነው፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የማይታወቅ። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን አድገናል፤ ገመድ ቢሰቀልልንስ ስንታችን እንጎትተው ነበር?

እማማን ይቅርታ የጠየቅኳቸው በማግስቱ ሞርኒንግ በምንለው የጠዋት ስብሰባ ላይ፣ ሐኪሙም ነርሱም ተላላኪውም በተገኘበት ነው። ቢሮዬ ጠርቼ ልጠይቃቸው ነበር መጀመሪያ ያሰብኩት፤ ያዋረድኳቸው በሰው ፊት ስለነበር ተውኩት። ከዚያ ወዲህ አጠያየቄን ቀየርኩ። ድሮ ጠዋት ስገባ «ሁሉ ሰላም ነው?» እል ነበር። ይህ ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ ሌላ መልስ የለውም። አሁን «ሌሊት ምን አስቸገራችሁ?» እላለሁ። መጀመሪያ የሚናገረው በማዕረግ የመጨረሻው ሰው ነው፤ እኔ የምናገረው በመጨረሻ ነው። እኔ ቀድሜ ከተናገርኩ ከኋላዬ ያለው ሁሉ የእኔን ቃል ነው የሚደግመው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማንም ምንም አላለም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ተላላኪ የስትሬቸሩ ጎማ ወደ ግራ እንደሚስብ ተናገረ። በዚያው ቀን አሠራሁት። ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የመጣው።

አምስተኛውን፣ ቀድሞ ስለ መግባትና አምሽቶ ስለ መውጣት የሚለውን፣ ብዙ አልሟገተውም። አለቃ አርፍዶ እየመጣ ሠራተኛውን ለምን አረፈድክ ሊል አይችልም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሌሊት የሚሆነውን ማወቅ የፈለገ አለቃ ቀኑን ከማስረዘም ይልቅ አልፎ አልፎ ከእነሱ ጋር ሌሊት ዱቲ ይግባ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ያለው ሆስፒታልና የቀኑ ሆስፒታል ሁለት ሆስፒታል ናቸው።

ስድስተኛው ግን ያሰጋኛል። «ጥፋተኛን በሰው ፊት ቅጣ፤ ሌላው ይማርበታል።» ሌላው ምን ይማርበታል? በግምገማ ያለፍን ሰዎች እናውቀዋለን። መደበቅ ይማርበታል። መድኃኒት አሳስታ የሰጠች ነርስ በሰው ፊት ስትዋረድ ያየች ጓደኛዋ፣ ነገ እሷ ስትሳሳት ካርዱ ላይ ትክክለኛውን ጽፋ ዝም ትላለች። በሽተኛው ለምን እንደባሰበት ሐኪሙ ሲጨነቅ ያድራል። እውነቱን የተናገረው ደግሞ አለቃው ጥርስ ውስጥ ይገባል።

አቪየሽኑ ይህን ቀድሞ ተረድቶታል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች ስሕተታቸውን በምስጢር የሚያሳውቁበት ሥርዓት አላቸው፤ የሚያካሂደው ናሳ ነው፣ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቀጣው መሥሪያ ቤት አይደለም። ተቀባዩና ቀጪው የተለያዩት ሆን ተብሎ ነው። ሰው ስሕተቱን ለቀጪው አይናዘዝም።

ይህን ስል ጥፋት ሁሉ ምሕረት ያግኝ ማለቴ አይደለም። መድኃኒት የሰረቀ፣ ጠጥቶ ዱቲ የገባ፣ በሽተኛ የመታ ሰው በእኔ ዋርድ አይሠራም፤ ሁለቱን አሰናብቻለሁ፣ አልጸጸትም። ደክሟት፣ ሁለቱ ጠርሙስ ተመሳስሎባት የተሳሳተችውን ግን ስጠይቅ መጀመሪያ የማየው ጠርሙሶቹን ነው። ለምን ጎን ለጎን ተቀመጡ? ማን አስቀመጣቸው? አብዛኛውን ጊዜ ያስቀመጠችበትን መደርደሪያ የፈቀድኩት እኔ ሆኜ እገኛለሁ። ያጠፋችውንም በግል ነው የማናግራት፤ የተማርነውን ደግሞ ስሟን ሳላነሣ ለሁሉም።

ወጣቱ ኃላፊ ይህን ሳወራው «ሲስተር፣ እንዲህ ከሆነ ይንቁኛል» አለኝ። ፍርሃቱን አልናቅኩበትም፤ እኔም ፈርቼ ነው እማማን የተቆጣኋቸው። «የናቁህ ጊዜ ትዛዝህን ሲጥሱ ታየዋለህ፣ ያኔ ትቆጣጠረዋለህ፤ የፈሩህ ጊዜ ግን ምን እንደደበቁህ በምን ታያለህ?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ ጽሑፉን ግን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሰባተኛው ራእይ ነው። ራእይ አልጠላም። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ «ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴት» ተብሎ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል፤ የእኛም ኮሪደር ላይ አለ፤ ከእነዚያ ቃላት የምቃወመው አንድም የለም። የእኔ ጠዋት ግን የሚጀምረው ከዚያ መስታወት አይደለም። ዛሬ በሞርኒንግ ላይ ሦስት ነገር ሰምቻለሁ። የአራት ቁጥር አስታማሚ ቀኑን ሙሉ ምግብ እንዳልቀመሰች የጽዳት ሠራተኛዋ ነገረችኝ፤ ሶሻል ወርከሩ አነጋግሯታል። አንዲት አዲስ ነርስ የሌሊቱ ርክክብ በችኮላ እንደሚሆን፣ ሁለት አልጋ ሳይነገራት እንደቀረ ተናገረች፤ ይህ ከባድ ነው፣ ለሳምንቱ ስብሰባ ይዤዋለሁ። ተላላኪው ደግሞ የሰክሽን ማሽኑ ድምፅ ተቀይሯል ብሏል። እኔ ሳዳምጠው ምንም አልለየሁም። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ የሕክምና መሣሪያ የሚጠግነው ባዮሜዲካል ባለሙያ ሊያየው ይመጣል፤ ተላላኪውንም ከሥራው ላይ አስለቅቄ አብሮን እንዲቆም ጠርቼዋለሁ።